ሰውን በዕለት ሥራው ተመልክቶ ስለ ማጥናት
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

በዛሬው ንግግሬ ልገልጽላችሁ ያሰብሁት፥ የሰውን የዕለት ተዕለት ጠባይ አስተውሎ በመመልከት ስለሚደረገው ምርምር ነው። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ዳሩ ግን በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ደንብ የሚያረቅ፥ በጀት የሚመድብ፥ ወይም ባለጉዳይ የሚያስተናግድ ሰው ሁሉ ስለ ሌሎች ሰዎች ጠባይ አንድ ዓይነት ግምት ይዞ ነው የሚሠራው። «ሕዝቡ ይህን ይወዳል፤ ያንን ይጠላል፤ ይህን ብናዘጋጅለት ይጠቀምበታል» እያለ ያስባል። ግምቱ ልክ የሆነ እንደ ሆነ ሥራው ይቃናል፤ ግምቱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ገንዘቡ ይባክናል፥ የታሰበለትም ሕዝብ ሳይጠቀም ይቀራል። ስለዚህ ግምታችን ከምን እንደ መነጨ መመርመር ከሥራችን አንዱ ክፍል ነው።

ስለ ሰው ጠባይ ለማወቅ የታወቁት መንገዶች በጠቅላላው ሦስት ናቸው። አንደኛው ሰውየውን ራሱን መጠየቅ ነው። ሁለተኛው የተጻፈውን መዝገብ መመርመር ነው። ሦስተኛው ሰውየው ሥራውን ሲሠራ፥ ሲገበያይ፥ ሲሄድ፥ ሲቀመጥ፥ ከባልንጀራው ጋር ሲነጋገር በዐይን መመልከትና ያዩትን በሥርዓት መጻፍ ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው።

በቋንቋችን «መታዘብ» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም እንዳለው ታውቃላችሁ። የመጀመሪያው አስተውሎ ማየት ነው፤ በምርጫ ጊዜ ድምፅ ሲሰጥና ሲቈጠር ቆሞ የሚያየውን ሰው «ታዛቢ» የምንለው ስለዚሁ ነው። ሁለተኛው ትርጉም ግን ወቀሳ ያዘለ ነው። «ታዘብሁህ» ያለ ሰው «አየሁህ» ማለቱ ብቻ አይደለም፤ «ከጠበቅሁህ ዝቅ ብለህ አገኘሁህ» ማለቱ ነው። ለምርምር የሚመለከት ሰው የመጀመሪያውን ትርጉም ይዞ ሁለተኛውን መተው አለበት። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መፈጸሙ ግን ትምህርትና ልምምድ ይጠይቃል።

መጠየቅ ብቻውን ለምን አይበቃም?

«ሰውን ለማወቅ መጠየቅ አይበቃምን? ስለ ራሱ ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?» የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ሰው ስለ ራሱ የሚናገረውና ሰው በእርግጥ የሚያደርገው ነገር ሁልጊዜ አንድ አለመሆኑ ነው። ይህ የሚሆነው ሰው ሁሉ ሐሰተኛ ስለ ሆነ አይደለም። አንዳንዱ ይረሳል፤ አንዳንዱ የሚገባውን ነገር እንደ ፈጸመው አድርጎ ያስባል፤ አንዳንዱም ጠያቂውን ላለማሳዘን ሲል ደስ የሚያሰኘውን መልስ ይሰጣል። እኛ ይሉኝታ የምንለው ነገር በዚህ ላይ ኀይሉ ብዙ ነው። «አገልግሎታችን እንዴት ነው?» ተብሎ በባለሥልጣን ፊት የተጠየቀ ባለጉዳይ «እግዚአብሔር ይስጥልን፥ ደኅና ነው» ብሎ ይሄዳል፤ ደጁን ከተሻገረ በኋላ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚለው ተረታችን ይህን የመሰለውን ነገር የሚያመለክት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ በጣም የታወቀ አንድ ጥናት አለ። ከዚህ ጀምሮ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላመልክት። ሪቻርድ ላፒየር የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ከ1930 ጀምሮ ከአንድ የቻይና ተወላጅ ወጣትና ከሚስቱ ጋር በመኪና በአሜሪካ አገር ረዥም ጉዞ አደረገ። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ለቻይናውያን የነበረው ጥላቻ ብርቱ ስለ ነበረ፥ ብዙ ቦታ «አንቀበልም» እንደሚባሉ ይጠብቅ ነበር። በጉዞአቸው ወደ 251 ሆቴሎች፥ ማደሪያ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ገቡ፤ ያልተቀበላቸው አንድ ብቻ ነበር። ከዚህ በኋላ ወራት አሳልፎ ለእነዚሁ ቤቶች «የቻይና ተወላጆችን በእንግድነት ትቀበላላችሁን?» የሚል ጥያቄ በደብዳቤ ላከ። ከ128 ቤቶች መልስ መጣለት፤ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት «አንቀበልም» ብለው መለሱ። ላፒየር ውጤቱን በ1934 በጽሑፍ አወጣው።

ይህን ጥናት በኋላ የተቹት ሊቃውንት አሉ፤ ትችታቸውም ቁም ነገር አለው። እንግዶቹ ንጹሕ ለብሰው፥ እንግሊዝኛ አሳምረው እየተናገሩ፥ ከአንድ ነጭ አሜሪካዊ ጋር ሆነው ነበር የመጡት። ደብዳቤውን የመለሰው ሰውና በደጅ ላይ የተቀበላቸው ሰውም አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ከጥናቱ የምንወስደው ትምህርት «መጠየቅ ከንቱ ነው» የሚል አይደለም። በወረቀት ላይ የሚሰጥ መልስና በእንግዳ ፊት ቆሞ የሚደረግ ሥራ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን አውቆ ሌላውን አወቅሁ ማለት አይቻልም የሚል ነው።

በአንድ ፋብሪካ ውስጥ የነበሩ ሁለት ክፍሎች

ሰውን በሥራው ላይ ስለ መመልከት ሲነገር ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚነሣው ሆውቶርን የሚባለው ፋብሪካ ነው። ይህ ፋብሪካ በቺካጎ ከተማ አጠገብ የነበረ፥ ዌስተርን ኤሌክትሪክ የሚባለው ኩባንያ የስልክ መሣሪያዎች የሚሠራበትና በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሠራተኞች የነበሩት ነው። ጥናቱ በ1924 ተጀምሮ እስከ 1932 ቈየ። በመጀመሪያ የተጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ «የመብራቱ ብርሃን ሲጨምር ሥራው ይጨምራልን?» የሚል ነው። መርማሪዎቹ ብርሃኑን ከፍና ዝቅ እያደረጉ ሥራውን ቢለኩ፥ በብርሃኑና በሥራው መካከል ግልጽ የሆነ ግንኙነት አላገኙም።

በ1927 አምስት ሴቶች ሠራተኞች ከሌሎቹ ተለይተው በአንድ ትንሽ ክፍል እንዲሠሩ ተደረገ። ሥራቸው የስልክ መሥመር የሚያገናኘውን ትንሽ መሣሪያ መገጣጠም ነበር። የተጠናቀቀው ዕቃ በአሸንዳ ሲወርድ በወረቀት ጥቅል ላይ ቀዳዳ ስለሚበሳ፥ እያንዳንዷ በየሰዓቱ ስንት እንደ ሠራች በትክክል ይታወቅ ነበር። በክፍሉ ውስጥም የሚሆነውን ሁሉ የሚጽፍ አንድ ተመልካች ተቀምጦ ነበር። የዕረፍት ጊዜ ተሰጣቸው፤ የሥራው ሰዓት አጠረ፤ ሥራው እየጨመረ ሄደ። ከዚያም ለሙከራ ያህል ዕረፍቱ ሁሉ ተወስዶ የቀድሞው ሰዓት ቢመለስ፥ ሥራው ወደ ቀድሞው መጠን አልወረደም።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰዎች «ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ተግቶ ይሠራል» ወደሚለው አሳብ ደረሱ። ሄንሪ ላንድስበርገር የሚባል ሊቅ በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ከጠቀሰው ወዲህም ይህ ነገር በፋብሪካው ስም ይጠራ ጀመር። ነገር ግን በዚያች ክፍል የተለወጠው መታየታቸው ብቻ አልነበረም። የደመወዙ አከፋፈል ተለውጦ ክፍያቸው በጥቂቶቹ ባልንጀሮች ሥራ ላይ የተመሠረተ ሆኖ ነበር፤ አለቃው እንደ ቀድሞው አይቈጣቸውም ነበር፤ ከአምስቱም ሁለቱ በ1928 መጀመሪያ ወጥተው በሌሎች ተተክተው ነበር። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲለወጥ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደ ሆነ መለየት አይቻልም። ከብዙ ዓመት በኋላ፥ በ2011፥ የመብራቱን ሙከራ አኀዝ እንደገና የመረመሩ የኢኮኖሚ ሊቃውንት፥ የተባለው ውጤት ከተወራለት እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይተዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል እንለፍ። ይህኛው ያን ያህል አልተወራለትም፤ ለእኛ ግን የሚያስተምረው የበለጠ ነው። ከ1931 ኅዳር አንሥቶ እስከ 1932 ግንቦት ድረስ 14 ወንዶች በአንድ ክፍል ሆነው የስልክ ማዕከል መሣሪያዎችን በሽቦ ሲያያይዙ ተጠኑ። ዘጠኙ ሽቦ አያያዦች፥ ሦስቱ በያጆች፥ ሁለቱ ተቈጣጣሪዎች ነበሩ። ጥናቱን በማቀድ የረዳው ሎይድ ዋርነር የሚባል፥ ቀድሞ የአውስትራሊያን ነባር ሕዝብ ኑሮ ያጠና ሰው ነበር። ዘዴው ይህ ነበር፦ ምንም ነገር አይለወጥም፤ አንድ ተመልካች በክፍሉ ጥግ ይቀመጣል፤ አያዝዝም፥ አይከራከርም፥ የሰማውን ለአለቃ አይናገርም፤ ያየውን ብቻ ይጽፋል።

ሰዎቹ በመጀመሪያ ተጠራጠሩት፤ ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ግን ለመዱት። ያን ጊዜ እውነተኛው አሠራራቸው መታየት ጀመረ። ኩባንያው ብዙ የሠራ ብዙ ያገኛል ብሎ የክፍያ ሥርዓት አውጥቶ ነበር። ሠራተኞቹ ግን የቀን ሥራ ማለት ሁለት መሣሪያ መጨረስ ነው ብለው በመካከላቸው ወስነው ነበር፤ ይህ በየትም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚያ አብልጦ የሠራ ሰው ይሰደባል፥ ይቀለድበታል፥ ክንዱንም በቡጢ ይመታል። ከዚያ እጅግ አሳንሶ የሠራም ይወቀሳል። አንዳንድ ቀን አብልጠው የሠሩትን ደብቀው ባነሱበት ቀን ያስመዘግቡታል፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሥራቸው በየቀኑ እኩል መስሎ ይታያል። ሥራ መለዋወጥ ክልክል ሆኖ ሳለ ይለዋወጡ ነበር፤ የቅርብ አለቃቸውም ይህን እያወቀ ዝም ይላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ያደረጉት ለምን ነው? ሥራው ቢጨምር የክፍያው መጠን ይቀነሳል፥ ወይም ከመካከላችን አንዳንዱ ይባረራል ብለው ስለ ፈሩ ነው። ዘመኑ በአሜሪካ ብዙ ሕዝብ ሥራ ያጣበት ዘመን ነበር፤ ጥናቱም የተቋረጠው ለክፍሉ የሚሆን ሥራ ስላለቀ ነው። የጥናቱ ዝርዝር በ1939 ሮትሊስበርገርና ዲክሰን ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል።

ሁለቱን ክፍሎች ጐን ለጐን አድርገን ስናያቸው ሦስት ነገር እንማራለን። መጀመሪያ፥ መታየት ብቻውን ሰውን ትጉህ አያደርገውም፤ ሴቶቹም ወንዶቹም ይታዩ ነበር፤ የሴቶቹ ሥራ ሲጨምር የወንዶቹ ባለበት ቆመ። ሁለተኛ፥ የኩባንያው መዝገብ በሐሰት እኩልነት የተሞላ ነበር፤ መዝገቡን ብቻ ያነበበ ሰው እውነቱን ባላገኘም ነበር። ሦስተኛ፥ እውነቱ የታየው ተመልካቹ የማይፈራ ሰው ከሆነ በኋላ ነው። በዚሁ ፋብሪካ ከ20 ሺሕ የሚበልጡ ሠራተኞች በቃል ተጠይቀው ነበር፤ የተጠየቁት ስለ ሥራቸውና ስለ አለቆቻቸው ያላቸውን ስሜት ነገሩ እንጂ፥ ይህ ያልተጻፈ ሕግ ከቀን ወደ ቀን እንዴት እንደሚሠራ ዘርዝሮ ያሳየው ግን የስድስት ወሩ መመልከት ነው።

ስለ ተመልካቹ አቋም

ተመልካች ከሚመለከታቸው ሰዎች ጋር ያለው ርቀት አንድ ዓይነት አይደለም። ረይመንድ ጎልድ የሚባል ሊቅ በ1958 በአራት ከፍሎታል። አንዱ ማንነቱን ሳይገልጽ እንደ ማንኛውም አባል ሆኖ ይሠራል። ሁለተኛው አብሮ እየሠራ አጥኚ መሆኑን ያሳውቃል። ሦስተኛው ለጥቂት ጊዜ መጥቶ ተመልክቶ ይሄዳል። አራተኛው ፈጽሞ ሳይቀላቀል ከሩቅ ያያል። ከሩቅ የሚያይ ሰው ቍጥሩን ይይዛል፥ ምክንያቱን ግን አያውቅም፤ አብሮ የሚኖር ሰው ምክንያቱን ያውቃል፥ ግን ከሰዎቹ ጋር ከመወዳጀቱ የተነሣ ፍርዱ ሊያደላ ይችላል።

አብሮ በመኖር ማጥናትን ሥርዓት ካስያዙት ሰዎች አንዱ በፖላንድ አገር የተወለደው ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ ነው። ከ1915 እስከ 1918 ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ በኒው ጊኒ አጠገብ ባሉት በትሮብሪያንድ ደሴቶች ኖረ። ድንኳኑን በመንደሩ መካከል ተክሎ፥ ቋንቋቸውን ተምሮ፥ ጧት ሲነሡ፥ ምግብ ሲያበስሉ፥ ሲጣሉና ሲታረቁ ያይ ነበር። የደሴቶቹ ሰዎች ኩላ የሚሉት የስጦታ ልውውጥ አላቸው፤ የዛጐል ሐብል በአንድ አቅጣጫ፥ የዛጐል አምባር በሌላ አቅጣጫ ከደሴት ወደ ደሴት ይዞራል። የውጭ ሰው ቢያየው ትርፍ የሌለው ንግድ ይመስለዋል፤ ማሊኖውስኪ ግን ልውውጡ ክብርንና ወዳጅነትን የሚያጸና መሆኑን ተረድቶ በ1922 በመጽሐፍ አወጣው።

በእኛም አገር በዚህ ዓይነት የተደረገ ትልቅ ጥናት አለ። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በቦረና ሕዝብ መካከል ኖረው የገዳን ሥርዓት አጥንተው፥ መጽሐፋቸውን በ1973 አሳተሙ። በገዳ ደንብ መሠረት አባትና ልጅ በሥርዓቱ ውስጥ በአምስት የገዳ ዘመን፥ ማለት በ40 ዓመት፥ መራራቅ አለባቸው። አስመሮም ሽማግሌዎች የነገሯቸውን ደንብ በመጻፍ አልተወሰኑም፤ ሕዝቡንም ቈጥረው፥ የእያንዳንዱ ሰው ዕድሜና የሚገኝበት የገዳ ደረጃ ምን ያህል እንደሚስማማ መረመሩ። ብዙ ሰዎች በዕድሜአቸው ከሚጠበቀው ደረጃ ርቀው እንደሚገኙ አሳዩ። ደንቡም እውነት ነው፥ ኑሮውም እውነት ነው፤ ሁለቱን ማስተያየት ግን አዲስ ዕውቀት ይሰጣል።

አሠራሩ እንዴት ነው?

«ማየት ማመን ነው» ይባላል፤ ለምርምር ግን ማየት ብቻ አይበቃም። ሁላችንም በየቀኑ እናያለን፤ ያየነውን ግን አንቈጥርም፥ አንጽፍም፥ የፈለግነውን ብቻ መርጠን እናስታውሳለን። ሥርዓት ያለው ተመልካች የሚፈጽማቸውን ነገሮች በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

አንድ መሥሪያ ቤት አለ እንበል። ባለጉዳዮች ቀኑን ሙሉ ተሰልፈው ይውላሉ። ኃላፊው «ጸሓፊ ቢጨመርልኝ ይቃለላል» ብሎ ያምናል። ይህን እርግጠኛ ለመሆን ከፈለገ በመጀመሪያ ጥያቄውን ማጥበብ አለበት። «ሥራው ለምን ይዘገያል?» የሚለው ሰፊ ነው፤ «አንድ ባለጉዳይ ከደጅ ገብቶ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪወጣ ጊዜው በምን በምን ያልፋል?» የሚለው ግን ሊታይና ሊለካ ይችላል።

ሁለተኛ፥ የሚጠቀምባቸውን ቃላት ይወስናል። «መጠበቅ» ማለት ከየት እስከ የት ነው? ወንበር ላይ የተቀመጠ፥ ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት የወጣ፥ ፊርማ ፍለጋ ፎቅ የወጣ ሰው ሁሉ «ጠባቂ» ነውን? ይህ አስቀድሞ ካልተወሰነ ሁለት ሰዎች አንዱን ነገር አይተው የተለያየ ቍጥር ይጽፋሉ። ስለዚህ ሁለት ተመልካቾች አንዱን ሰዓት ሳይነጋገሩ እንዲመለከቱ ይደረግና ወረቀታቸው ይስተያያል፤ ቍጥሩ ከተራራቀ የሚታረመው የቃሉ አወሳሰን ነው።

ሦስተኛ፥ ጊዜውን ያከፋፍላል። ሰኞ ጧት ብቻ ያየ ሰው ስለ ሳምንቱ ሊናገር አይችልም። የገበያ ቀን፥ የደመወዝ ሰሞን፥ የበዓል ዋዜማ፥ ዝናብ የሚበረታበት ወር የየራሳቸው ጠባይ አላቸው።

አራተኛ፥ ያየውንና የገመተውን ይለያል። «ባለጉዳዩ ተናደደ» ብሎ መጻፍ ግምት ነው። «ባለጉዳዩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንሥቶ ወጣ፤ ሰዓቱ 4 ከሩብ ነበር» ብሎ መጻፍ ግን ያዩትን መጻፍ ነው። ግምቱም አይጣል፤ በሌላ ዓምድ ይጻፍ። ይህም ሁሉ በዚያው ቀን መጻፍ አለበት፤ ያደረ ትዝታ ራሱን እያሳመረ ይሄዳልና።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ፥ ለምሳሌ ያህል፥ አንድ ባለጉዳይ ሦስት ሰዓት ሲቈይ ከጸሓፊው ጋር የሚያሳልፈው 12 ደቂቃ ብቻ ሆኖ፥ የቀረው ጊዜ ማኅተሙን የያዘው ሰው እስኪመለስ በመጠበቅ የሚያልፍ መሆኑ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ጸሓፊ መጨመር ምንም አይጠቅምም። ከሩቅ ገጠር መጥቶ ለአንድ ቀን አልጋ የከፈለ ባለጉዳይ ስንቁን የሚጨርሰው በማኅተሙ ምክንያት ነው፤ ኃላፊው ግን በቅን ልቡና የጸሓፊ በጀት ሲጠይቅ ይኖራል።

በከተማ አደባባዮች ላይ የተደረገው የዊልያም ኋይት ጥናትም ይህንኑ የመሰለ ነው። ኋይትና ረዳቶቹ ከ1970 ገደማ ጀምሮ በኒው ዮርክ ከተማ አንዳንዱ አደባባይ በሰው ተሞልቶ ሌላው ባዶ የሚሆንበትን ምክንያት በካሜራና በቈጠራ መረመሩ። ከሁሉ የበለጠው ምክንያት ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ሰዎች «ከሕዝብ ርቀን ማረፍ እንፈልጋለን» ይሉ ነበር፤ ካሜራው ያሳየው ግን ሌሎች ሰዎች ወዳሉበት መሄዳቸውን፥ ቆመውም የሚነጋገሩት መንገደኛው በሚበዛበት መካከል መሆኑን ነው። ከዚህ የተነሣ ከተማው በ1975 ስለ አደባባዮች አሠራር የነበረውን ደንብ አሻሻለ፤ ኋይትም መጽሐፉን በ1980 አወጣ።

መመልከት ግን የማይደርስበት ወሰን አለው። ምን እንደ ተደረገ ያሳያል እንጂ ለምን እንደ ተደረገ ሁልጊዜ አይናገርም። ቧንቧ ተተክሎላት ሳለ አንዲት ሴት ከወንዝ ስትቀዳ ብናይ፥ ከማየት ብቻ «የንጽሕናን ጥቅም አታውቅም» ብለን እንፈርድ ይሆናል። ጠጋ ብለን ብንጠይቃት ግን ቧንቧው የሚከፈተው እርሷ እርሻ ላይ በምትውልበት ሰዓት መሆኑን ትነግረን ይሆናል። ስለዚህ ብልህ አጥኚ አስቀድሞ ያያል፥ ቀጥሎ ይጠይቃል፥ መዝገቡንም ያስተያያል፤ አንዱ የሰወረውን ሌላው ይገልጠዋል።

ስለ ተመልካቹ ኃላፊነት

በመጨረሻ ከሁሉ የሚከብደውን ነገር ላንሣ። በቀድሞው ዘመን ገበሬው መዝገብ ይዞ በማሳው ዳር የሚቆመውን እንግዳ ሲያይ የሚያስበው የአሥራት ገማች መጣ ብሎ ነበር። እንዲህ ያለ ትዝታ ያለው ሰው ቢደብቅ አይፈረድበትም፤ የሆውቶርን ሠራተኞችም የደበቁት በዚህ ዓይነት ፍርሃት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት «ለጥናት ነው» ብሎ ሠራተኞቹን ካስመለከተ በኋላ በተገኘው ነገር ሰው ቢቀጣበት፥ ከዚያ ቀን ወዲያ እውነተኛ ነገር አያይም። ስለዚህ ለጥናት የሚደረግ መመልከትና ለቍጥጥር የሚደረግ መመልከት መለየት አለባቸው፤ ሰዎቹም ለምን እንደሚታዩ ሊነገራቸውና ፈቃዳቸው ሊጠየቅ፥ ስማቸውም ሊሰወር ይገባል።

ከዚህም የባሰ ነገር አለ። በአሜሪካ አገር በአላባማ ግዛት፥ በታስኪጊ ከተማ አካባቢ፥ የመንግሥት የጤና አገልግሎት ከ1932 እስከ 1972 ድረስ ወደ 600 የሚሆኑ ጥቁር ወንዶችን ሲመለከት ኖረ። ከእነዚህ 399ኙ የቂጥኝ በሽታ ነበረባቸው። የጥናቱ ዓላማ በሽታው ሳይታከም ሲቀር በሰውነት ላይ የሚያደርሰውን ማየት ነበር። በሽተኞቹ እውነተኛው ምክንያት አልተነገራቸውም፤ በ1940ዎቹ ዓመታት ፔኒሲሊን የታወቀ ፈዋሽ መድኃኒት ከሆነ በኋላም እንኳ አልተሰጣቸውም። ጋዜጦች ነገሩን በ1972 ከገለጡት በኋላ ጥናቱ ተዘጋ፤ በ1974 በሰዎች ላይ የሚደረግ ምርምር በቅድሚያ የሚመረመርበት ሕግ ወጣ፤ በ1997ም የአገሩ ፕሬዚዳንት በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ማዳን እየተቻለው ዝም ብሎ የተመለከተ ሰው ዕውቀት ሰበሰብሁ ብሎ ከበደሉ አይነጻም። የሚታየው ሰው ነውና፥ ሰውነቱ ከጥናቱ ይቀድማል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ የሰማችሁት አሠራር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ወረቀት፥ እርሳስና ሰዓት ያለው፥ ትዕግሥትም ያልጐደለው ሰው ሊጀምረው ይችላል። ስለ ባለጉዳዮች ጠባይ አንድ ነገር በእርግጥ እናውቃለን ብለን ደንብ ከማውጣታችን በፊት፥ ጥቂት ቀን ከጠረጴዛችን ተነሥተን እነርሱ በሚቆሙበት በኩል ብንቀመጥ፥ ያየነውንም ቈጥረን ብንጽፍ፥ ምናልባት ያሰብነው ልክ ሆኖ እናገኘው ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። በሁለቱም በኩል የሚጠቀመው ከደጅ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው።